መሪው ሲላላ ከመሬት ጀምሩ

በጅማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ሬዲዮውን አጥፉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጉና መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ያዙት። ጤነኛ መሪ የድንጋዩን ሻካራነት እንደ ደቃቅ ንዝረት ወደ ጣት ያደርሳል፤ አያንኳኳም። ያረጀ መሪ ግን አጭርና ደረቅ «ኳ» የሚል ነገር አለው፤ ጆሮ ሳይሰማው በፊት ጣት ያገኘዋል። አስፋልት ላይ ስትወጡ ድምፁ ይጠፋል፤ በምትኩ መኪናዋ ግራና ቀኝ መቅበዝበዝ ትጀምራለች፤ ሾፌሩም ሳያውቀው መሪውን ቶሎ ቶሎ እያስተካከለ ይነዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ፣ እንዲህ እያስተካከሉ መንዳት ትከሻ ያዝላል። ከፊት የጫነ አይሱዙ ሲመጣና መንገዱ ሲጠብ ደግሞ ያቺ ትንሽ መላላት ትልቅ አደጋ ትሆናለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ትገባለች፤ መካኒኩ መሪውን በመስኮት በኩል ይዞ ያወዛውዝና «ጋሼ፣ ቦክሱ ነው፤ ትንሽ እናጥብቀው» ይላል። ቦክሱ የመሪውን መዞር ወደ ጎማ ዘንጎች የሚያስተላልፈው የማርሽ ሳጥን ነው። የቦክሱ ማስተካከያ ሩብ ዙር ይዞራል፣ መሪው ይጠነክራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መላላቱ ይመለሳል፤ አሁን ግን መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ አልመለስ ይላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። የመሪ መላላት የስድስት ሰባት መገጣጠሚያዎች ትንንሽ ክፍተት ተደማምሮ እጅ ላይ ሲደርስ የሚሰማ ነገር ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከጎማው፣ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ እጅ መምጣት አለበት። ቦክሱ የመጨረሻው ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ጅማ ላይ ደግሞ ጥበቃው የራሱ ጠባይ አለው። እዚህ ዝናቡ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከዓመቱ አብዛኛው ወር ይዘንባል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ከብረት ጋር ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ቦንጋ ወጣ ብሎ ቡና ወዳለበት ቀበሌ የሚገባ መኪና የመሪ ዕቃው በጭነትና በድንጋይ ከሚጎዳው ይልቅ በተቀደደች ትንሽ የላስቲክ ሽፋን በኩል በሚገባ ጭቃና ውሃ የሚጎዳው ይበልጣል። ይህን ደጋግሜ የምለው ለዚህ ነው፦ ብረቱን ከመመርመራችሁ በፊት ብረቱን የሚሸፍነውን ላስቲክ መርምሩ።

አሮጌ መኪና በመሪ አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። የኋላ ጎማቸው የሚነዳ የድሮ ኮሮላዎች አብዛኞቹ፣ ላዳ፣ የድሮ ላንድክሩዘርና አይሱዙ የመሪ ቦክስ አላቸው። ከቦክሱ የሚወጣው ክንድ ዘንጎችን ይገፋል፣ ዘንጎቹ ጎማዎቹን ያዞራሉ። በላዳ ላይ ሦስት ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሁለት ጫፋቸው ኳስ አላቸው፤ ስድስት መገጣጠሚያ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከቦክሱ በተቃራኒ ወገን ቆሞ ዘንጎቹን የሚደግፈው ክንድ፣ አይድለር፣ አለ። የፊት ጎማቸው የሚነዳ ኮሮላዎች፣ ቪትዝና ያሪስ ደግሞ ራክ አላቸው፦ አንድ ጥርሳም ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ በግራና በቀኝ አንድ የውስጥና አንድ የውጭ መገጣጠሚያ ብቻ አለው። መገጣጠሚያው ባነሰ ቁጥር መሪው ጥርት ያለ ይሆናል፤ ያው ራክ ግን ከተበላሸ ዋጋው ከቴስቲኒ፣ ማለትም ከዘንጉ ጫፍ ኳስ መገጣጠሚያ፣ ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ ከጎማው እንጀምር። ንፋሱ ጎማው ሳይግል፣ በብርድ ይለካ፤ ትክክለኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለብዙዎቹ የድሮ ኮሮላዎች ከ26 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ውስጥ ነው። የፊት ጎማ ንፋስ ሲያንስ መሪ ይከብዳል፤ ግራና ቀኙ ሲለያይ መኪናዋ ወደ ጎደለው ትስባለች። ቀጥሎ መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አንሸራቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እየተንከባለሉ አይደለም፤ ወደ ጎን እየተፋቁ ነው፤ የቶ፣ ማለትም የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የመዞር፣ ችግር ነው። አንዱ ትከሻ ብቻ ለስልሶ ካለቀ የጎማው ዘንበል ማለት፣ ካምበሩ፣ ተዛብቷል። በየቦታው እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ ጎማ ካያችሁ ደግሞ ሾክ አብዞርቨሩን ወይም የላላ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ፣ ጠርጥሩ። ጎማው የመሪው ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ካነበባችሁት ግማሹን መንገድ ይወስዳችኋል።

ወደ አንድ ወገን የሚስብ መኪና ሲገጥማችሁ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ከማሠራታችሁ በፊት የፊት ግራና ቀኝ ጎማዎችን አቀያይሩ። መሳቡ አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልቀየረ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ነው የሚስበው። መንገዱም ራሱ ለውሃ መውረጃ ወደ ዳር ያዘነበለ ስለሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ ማድላት በሽታ አይደለም።

በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ ብዙ ሰው ወዲያው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ባላንስ ያሠራል። መጀመሪያ ጎማውን አውልቁና የቸርኬውን የውስጥ ወገን እዩ። ጅማ ላይ እዚያ ውስጥ የደረቀ ጭቃ እንደ ጡብ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ሚዛኑን የሚያሳብደው እሱ ነው። በቀጭን እንጨት ፈልፍላችሁ ስታጥቡት ብዙ ጊዜ መርገብገቡ አብሮ ይሄዳል። ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ መርገብገብ ግን የዲስክ መጣመም ነው እንጂ ከመሪ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ዋናው ምርመራ እንግባ። ክሪክ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ መቆም አለባት፤ ጎማዎቹ መዞርን እንዲቃወሙ ያስፈልጋልና። መኪናዋን ደረቅ መሬት ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማውን በግንድ ቁራጭ አግዱ። በጅማ የበርጩማና የአልጋ ሠሪ ቤቶች ደጃፍ የሚጣል የጠንካራ እንጨት ቁራጭ ለዚህ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥና መሪውን ግራና ቀኝ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ሳያቋርጥ፣ በፍጥነት ያወዛውዝ። ሃይድሮሊክ መሪ ከሆነ ሞተሩ ይነሣ፤ ያኔ ሥር የሚገባው ሰው ልብሱንና እጁን ከሞተሩ ቀበቶ፣ ከቺንጊያውና ከፋኑ ያርቅ።

ሥር የገባው ሰው በዓይኑ ብቻ አይፈልግ። የሌባ ጣቱን ግማሹን በዘንጉ ላይ፣ ግማሹን ዘንጉ በሚያያዝበት ክንድ ላይ አድርጎ መገጣጠሚያውን አቋርጦ ይንካ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ ሁለቱ ብረቶች እንደ አንድ ዕቃ አብረው ይሄዳሉ። ያለቀው ላይ አንዱ ይንቀሳቀስና ሌላው ዘግይቶ ይከተላል፤ መዘግየቱ ለዓይን የማይታይ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ለጣት እንደ ትንሽ ንክሻ ይሰማል። እንዲህ እያሉ ከጎማው ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ ቦክሱ መሄድ ነው፦ የውጭ ቴስቲኒ፣ የውስጡ፣ አይድለር፣ የቦክሱ ክንድ። አይድለሩ ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ በውስጡ ያለው ማቀፊያ ቀለበት፣ ቦኮላው፣ አልቋል፤ የኋላ ጎማቸው በሚነዳ አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ ዕቃ በብዛት ይረሳል፤ አዲስ ቴስቲኒ ገዝተው መላላቱ አልጠፋ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ እሱን ያሳዩ። ቦክሱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቦክሱ ራሱ ከሻንሲው ጋር በታሰረበት ቦታ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ቡሎኖቹ ላልተው ወይም ሻንሲው በቡሎኖቹ ዙሪያ ተሰንጥቆ ቦክሱ በሙሉ ሲወዛወዝ ማግኘት በአሮጌ ባለቦክስ መኪኖች ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የዝገት መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከቡሎኑ ሥር ሲወጣ ካያችሁ ጭቃውን በናፍታ አጥባችሁ በደንብ እዩት። በመጨረሻ ከመሪው አምድ በታች ያለውን ክሮቸራ፣ አምዱ የሚታጠፍበትን የመስቀል መገጣጠሚያ፣ ንኩ፤ እሱም ያንኳኳል፤ ወይም ሲደርቅ መሪው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲጠነክር ያደርጋል።

ስንት መላላት ይፈቀዳል? በድሮዎቹ ቶዮታዎች መሪው ጠርዝ ላይ ሲለካ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው የሚሄደው ከ30 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። በላዳ ላይ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ ከመሪው ጠርዝ አጠገብ ይዞ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ከጥገና በፊትና በኋላ ቁጥሩን መጻፍ ከመካኒኩ ጋር ያለውን ክርክር ሁሉ ያስቀራል።

ቀጥሎ ፊቱ ይነሣል። ክሪክ ላይ ብቻ ቆሞ ሥራ አይሠራም፤ ካቫሌቶ፣ ማለትም የብረት መደገፊያ፣ ይግባ። ጎማውን በ3 ሰዓትና በ9 ሰዓት አቅጣጫ ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚላላው በአብዛኛው የመሪ ዘንግ ነው። በ12 እና በ6 ሰዓት ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚላላው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ ማለትም የጎማውን ተሸካሚ ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ኳስ፣ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ፤ ፍሬኑ ጎማውን ከተሸካሚው ብረት፣ ከፉዜሎው፣ ጋር ያስረዋል። ፍሬን ተይዞ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ከቀጠለ ቦል ጆይንት ወይም ፉዜሎው የሚዞርበት ፒን፣ ፐርኖ፣ ነው። ይህችን ዘዴ የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ኩሽኔታ እየቀየረ ብዙ ብር ያስወጣል።

ቦል ጆይንት ላይ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ወሳኝ ነው። ላዳን በመሰሉ፣ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ በሚያርፍባቸው መኪኖች፣ ክሪኩን በዚያው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው አስጠግታችሁ አስገቡ፤ አለበለዚያ ሞላው ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘውና ያለቀው ጤነኛ ይመስላል። በፊት ጎማ የሚነዱ ኮሮላዎች ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት የሞላ ጭነት ስለሌለበት ከሻንሲው አንሥቶ ከጎማው ሥር በረጅም ብረት ወደ ላይ እየገፉ ማየት ይበቃል። ቴስቲኒ ሲያልቅ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ቦል ጆይንት ግን ከወለቀ ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ መኪናዋም በዚያው ቦታ ትወድቃለች። ስለዚህ ቦል ጆይንት ላይ «ትንሽ ይቆይ» የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ቴስቲኒ መቀየር ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ ስሕተቱ ግን በትንንሽ ነገር ላይ ነው። መጀመሪያ የዘንጉን ክር በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት ማላቀቂያ ወይም ናፍታ ቀቡት፤ ቢያድር ይሻላል። ከመፍታታችሁ በፊት በክሩ ላይ የሚጠብቀው መቆለፊያ ዳዶ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ኮፒሊያዋን፣ ማለትም የቴስቲኒው እግር ዳዶ እንዳይፈታ በቀዳዳው የምትገባዋን ድርብ ሽቦ፣ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ሁለተኛ አትሠራም። ዳዶውን ፍቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ጥቂት ክር ላይ ተዉት። የቴስቲኒው እግር ሾጣጣ ስለሆነ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። እሱን ለማላቀቅ ክሩን ከሥር በማርቴሎ የሚደበድብ ሰው አይጠፋም፤ ይህ ክሩን ያጣምማል፤ ምናልባት ያ ዕቃ ደህና ቢሆን ኖሮ እንኳ ከዚያ በኋላ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ የክንዱን ቀለበት ከጎን መምታት ነው፦ አንድ ከባድ ማርቴሎ በአንዱ ጎን ይደገፍ፣ በሌላው ማርቴሎ ከተቃራኒው ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቀለበቱ ለቅጽበት ሞላላ ይሆንና እግሩን «ጧ» ብሎ ይለቀዋል።

አሮጌውን ከዘንጉ ላይ ስታወጡ ሙሉ ዙሩን ቁጠሩ፤ አዲሱን በዚያው ቁጥር መልሱ። ነገር ግን ቆጥሬ መልሻለሁ ብሎ አላይመንትን መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ለምን መሰላችሁ? በኮሮላ ያህል መኪና ላይ የዘንጉ ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ሲለወጥ ጎማው ጠርዝ ላይ የሚታየው ልዩነት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሌላ ፋብሪካ ቴስቲኒ ከአሮጌው በሁለት ሚሊ ሜትር ቢያጥር አዲስ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል። አዲሱን ስታስገቡ ሾጣጣውንና ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ አጽዱ፤ ግራሶ አትቀቡ። ዳዶውን በቶርክ ሬንች 49 ኒውተን ሜትር ያህል አጥብቁ፤ ይህ ለብዙዎቹ የቶዮታ አውቶሞቢሎች የሚሠራ ልክ ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልተገጠመ ወደ ፊት ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ ለማገጣጠም ብላችሁ ወደ ኋላ አትፍቱ፤ የተፈታ ሾጣጣ መንገድ ላይ እየተንቀሳቀሰ ቀዳዳውን ይበላዋል።

ራክ ያላቸው መኪኖች ላይ ይበልጥ ትኩረት የሚያስፈልገው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈችው የላስቲክ ሽፋን ናት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩ፤ በአንዱ ወገን እጥፋቶቿ ይከፈታሉ። በጣታችሁ እየከፈታችሁ የእጥፋቱን ጥልቅ ቦታ እዩ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከላይ ስትታይ ደህና ትመስላለች። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙራችሁ የሌላውን ወገን እዩ። ሽፋኗ ከተቀደደች የጅማ ጭቃ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ ለስላሳውን ዘንግ ያዝገዋል፤ የዛገው ዘንግ በእያንዳንዱ መዞር ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ፣ ኦይል ሲሉን፣ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ዘይቱ በዚያችው በተቀደደች ሽፋን በኩል ይፈስሳል። በጥቂት ብር የምትቀየር ሽፋን ባለመቀየሯ ሙሉ ራክ ይገዛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በትክክል ለዚህ ነው። ሽፋኗን ስትቀይሩ በውስጥ መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን ሊቲየም ግራሶ ይበቃል፤ ሽፋኗን መሙላት አያስፈልግም። ሁለቱም ጫፎቿ በማሰሪያ በደንብ ይያዙ። ቶ ሲስተካከል ዘንጉ ሲዞር ሽፋኗ አብራ እንዳትጠመዘዝ ትንሿን ማሰሪያ አላሉና መልሳችሁ እሰሩ፤ ተጠማዝዛ የቀረች ሽፋን ቶሎ ትቀደዳለች።

ስለ ላቫጆም አንድ ነገር ልበል። ከታጠበ በኋላ ሻንሲውን ናፍታ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት ብረቱን ያስውባል፤ የላስቲክ ጎሚኒዎቹንና የመገጣጠሚያ ሽፋኖቹን ግን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይሰነጥቃል። የመኪናችሁን ሥር ማጠብ ተገቢ ነው፤ በተለይ ከገጠር ስትመለሱ ጭቃው ሳይደርቅ። መርጨቱን ግን አስቀሩ። የውሃውን ግፊትም በቅርበት ወደ ሽፋኖቹ አታነጣጥሩ።

ሃይድሮሊክ መሪ ሲከብድ ወይም ሲያጉረመርም ቅድሚያ ዘይቱን እዩ። ለቶዮታ ቀዩ የዴክስሮን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባበትም፤ የውስጡን ላስቲኮች ሁሉ ያበላሻል። አረፋ ያለው ወይም ነጣ ያለ ዘይት አየር ገብቶበታል። ማስወጫው ቀላል ነው፦ ፊቱን አንሡ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብላችሁ አሥር ጊዜ ያህል አዙሩ፣ ዘይቱ ሲጎድል ሙሉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ በዝቅተኛ ዙር ድገሙት። ሞተሩን ስታጠፉ የዘይቱ ከፍታ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ አሁንም አየር አለ። ጥግ ላይ መሪውን ጨቁናችሁ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፤ ፓምፑ ይግላል። መሪውን ስታዞሩ የሚጮኸው ቀጭን ጩኸት ቺንጊያ ነው፤ ዝቅተኛና ወፍራም ማጉረምረም ደግሞ የዘይት ማነስ። ነዳጅ ለመቆጠብ በጊቤ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ መሪውን ያከብደዋል፣ የፍሬኑን አጋዥም ያሳጣል፤ ቁልፉ ከወጣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካወቃችሁ በግልጽ ንገሩት።

ላንድክሩዘርና አይሱዙ ላይ የተለየው ፉዜሎው ነው። አይሱዙ ፐርኖው በግራሶ ነው የሚኖረው፤ ግራሶ ስትሰጡ ግን ፊቱን በክሪክ አንሥታችሁ ስጡ፤ መኪናው መሬት ላይ ተጭኖ ሳለ ጭነት ያለበት የፐርኖው ገጽ ተጨቁኖ ስለሚቆይ ግራሶው አይደርስበትም። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ይሰጥ። ላንድክሩዘር ጉድጓድ መትቶ ፊቱ በሙሉ ሲንዘፈዘፍ ብዙዎች አዲስ የመሪ ሾክ ይገዛሉ። ሾኩ መንዘፍዘፉን ይደብቀዋል፤ ሥሩ ግን በአብዛኛው የፉዜሎ ኩሽኔታ መላላት፣ ያለቀ ቴስቲኒ ወይም የጎማ ሚዛን ነው።

ይህ ሁሉ ከታየና መገጣጠሚያዎቹ ከተቀየሩ በኋላ መላላቱ ካለ፣ ያኔ ወደ ቦክሱ እንምጣ። ዘይቱ ይታይ፦ ላዳ 0.215 ሊትር የማርሽ ዘይት ይወስዳል። ያንጠባጥባል ብሎ ቦክሱን በግራሶ መሙላት የተለመደ ነው፤ ግራሶ ግን ጥርሱ አንድ ጊዜ ገፍቶ ካሸሸው ተመልሶ አይፈስስም፣ ጥርሱ ደረቅ ይቀራል። ኦይል ሲሉን መቀየር ነው መፍትሔው። ለማስተካከል ፊቱ ተነሥቶ ጎማዎቹ ፍጹም ቀጥ ይበሉ። መቆለፊያ ዳዶውን አላሉ፤ የመሐሉን ብሎን በካቻቢቴ በጣም በትንሽ በትንሹ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ መላላቱ ሊጠፋ ሲል ቁሙ። ብሎኑን ባለበት ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ከዚያ መሪውን በአንድ ጣት ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። የትም ቦታ መያዝ የለበትም። የቦክስ ጥርስ በብዛት የሚያልቀው ዘወትር በሚሠራበት በመሐሉ ነው፤ የመሐሉን መላላት ጨርሳችሁ ለማጥፋት ስታጠብቁ ያላለቁት ጎኖች ይነክሳሉ። በቀኝና በግራ የሚይዝ ከሆነ ቦክሱ አልቋል፤ መልሳችሁ አላሉና ሌላ ቦክስ ፈልጉ። ቶርኖ ቤት የሚሠራው ቦኮላና ዘንግ አለ፤ ያለቀ የቦክስ ጥርስ ግን በብየዳ ሞልቶ መሞረድ አይሆንም። በአጠቃላይ የመሪ ዘንግም ሆነ ክንድ በእሳት ተቃንቶ ወይም ተበይዶ አይመለስም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየሩ መኪኖችን የምትገዙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፦ ከመኪናው ሥርና ከዳሽቦርዱ ሥር የመሪውን አምድ በባትሪ ብርሃን ተከታትላችሁ፣ ብየዳ ካያችሁ አትግዙ።

ሥራው ሲያልቅ ቶው ይለካ። የአላይመንት ማሽን ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በሜትርና በጠመኔ በቂ ልክ ይገኛል። መኪናዋን ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፏት። በሁለቱም የፊት ጎማዎች ፊት ለፊት፣ በመሐል ቁመታቸው፣ ጥርሱ መሐል ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጉ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ነጥቦቹ ከኋላ በተመሳሳይ ቁመት እስኪመጡ ግማሽ ዙር ወደ ፊት ገፍታችሁ እንደገና ለኩ። የተለካው ያው ነጥብ ስለሆነ የቸርኬ መጣመም ልኩን አያዛባውም። የፊቱ ከኋላው በጥቂት ማነስ አለበት፦ በላዳ ጭነት ይዞ ሲለካ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ በፊት ጎማ በሚነዱ የድሮ ኮሮላዎች ከ0 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል። በኮሮላ የአንዱን ዘንግ ሩብ ዙር ማዞር ወደ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ይለውጣል። ግራውንና ቀኙን እኩል አዙሩ፤ በአንድ ወገን ብቻ ካስተካከላችሁ መሪው ጠምሞ ይቆማል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዳዶና በተቀመጠበት ብረት ላይ አቋርጦ የሚያልፍ አንድ የቀለም መስመር አድርጉ። 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ ሥር ገብታችሁ እዩት። መስመሩ ካልተሰበረ ዳዶው አልተንቀሳቀሰም። ከተሰበረ አጥብቆ መተው አይበቃም፤ ቴስቲኒውን አውጥታችሁ በሾጣጣው እግር ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ብዙ ቀጭን መስመሮች አስምሩ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከታችሁ ትንሽ አዙሩና መልሳችሁ አውጡት። መስመሮቹ ከላይ እስከ ታች እኩል ከጠፉ ተገጥሟል፤ በጠርዙ ላይ ብቻ ከጠፉ ቀዳዳው ተበልቷል፤ ያኔ የሚቀየረው ክንዱ ነው።